ታንኳው እስኪዞር ድረስ

ለተከበራችሁ የዚህ መጽሔት አንባብያን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ፤ በጥር ወር፣ ሙሉ ጨረቃ በምትወጣበት ዕለት፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ በቲሩኩላም ቤተ መቅደስ ምሥራቃዊ በር፣ ቁጥሩ መቶ አርባ ሁለት የሆነ አንድ የግራ እግር ጫማ ጠፍቷል። የቀኙ አለ።

ኃላፊው እኔ ነኝ። ስሜ ሴቩጋን ነው። ወደ አምላካችን የሚገባ ሁሉ ጫማውን እኔ ዘንድ ያወልቃል፤ እኔም ቆርቆሮ ላይ የተመታ ቁጥር ሰጥቼ ጫማውን መደርደሪያ ላይ አኖራለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው እግር ሲሸተኝ ኖሬአለሁ። ስለ ሰው ልጅ የማውቀውን ያወቅሁት ከዚያ ነው። የቀረውን ደግሞ ሩዝ ተጠቅልሎበት ከሚመጣ አሮጌ ጋዜጣ አንብቤ ነው፤ ስለዚህ ዕውቀቴ ብዙውን ጊዜ ከመካከል ይጀምርና ዘይት ላይ ያልቃል።

የጫማው ባለቤት ፓታቢራማን የሚባሉ፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ጣቢያ ሹም ነበሩ። አግዳሚዬ ላይ ተቀምጠው ባዶውን እግራቸውን እንደ በሽተኛ ልጅ ጭናቸው ላይ አድርገው ያሻሹታል።

«እኔ እኮ እንዲሁ ለመሳለም የመጣሁ ሰው አይደለሁም» አሉኝ። «ዛሬ ሴት ልጄን ልድር ቃል የምሰጥበት ቀን ነው።»

«እንኳን ደስ አለዎት፤ ለማን?»

«ለቤተ መቅደሱ ወጥ ቤት አለቃ ልጅ፣ ለሳራናታን። የአምላኩ ታንኳ ኩሬውን ዞሮ ሲጨርስ እዚያው ደረጃው ላይ የቃል ኪዳኑን ትሪ እንለዋወጣለን። በአንድ ጫማ ቆሜ ነው ትሪ የምቀበለው?»

«ደረጃው ላይ ጫማ አይደረግም፣ ጌታዬ። ሁሉም ባዶ እግሩን ነው፤ ማንም አያውቅብዎትም።»

በዚህ ትንሽ ተጽናኑ። እኔ ግን አልተጽናናሁም። ምክንያቱም ሳራናታን ሚስት አለው። ከሦስት ወር በፊት በአውራጃው ከተማ መዝገብ ቤት ሲፈራረሙ ከሦስቱ ምስክሮች አንዱ እኔ ነበርኩ። የእኔ ፊርማ ከሙሽራው ፊርማ ይልቅ ቀጥ ያለ ነበር።

ሚስቱ ኩይሊ ትባላለች፤ የፀጉር ላጮቹ ሠፈር ልጅ ናት። ስለት ያለበት ተሳላሚ ሁሉ ፀጉሩን ለአምላክ ይሰጣልና በምዕራቡ ግንብ ሥር ባለው የመላጫ አዳራሽ ከማለዳ እስከ ማታ ምላጭ ይጮኻል። ኩይሊ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ፀጉሩን ረጅሙን ከአጭሩ፣ ጥቁሩን ከሽበቱ ትለያለች። እርጥብ ፀጉር እስከ ጉልበት ተከምሮ ሲውል ምን እንደሚሸት ልነግራችሁ እችል ነበር፤ ግን ይህን መጽሔት ምሳ እየበላችሁ የምታነቡ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የላጮቹ እጅ የተሳላሚን ራስ መንካት ይችላል። ከዚያ ወዲያ ግን ያረክሳል ተብሎ የወጥ ቤቱን ሰዎች፣ ዕቃቸውን፣ ልብሳቸውን፣ ደጃፋቸውን መንካት አይችልም። ሳራናታን ደግሞ የአምላክን ምሳ የሚያበስል እጅ ነው ያለው።

ይህ ልጅ እኔን ሰው ባለበት «አንተ» ይለኛል። ሰው በሌለበት «እርስዎ» ይለኛል። ከመዝገብ ቤቱ ቀን ጀምሮ እንዲህ ነው። የትኛው እንደሚያስከፋኝ እስካሁን አልወሰንኩም።

ሲፈልግ መልካም ልጅ ነው። እንደሚወዳት ደግሞ አልጠራጠርም። ፍቅር ግን መኖሩ ብቻ የማይበቃበት ቀን አለ። ያ ቀን ደግሞ አምላካችን በታንኳ ኩሬውን የሚዞርበት ይህ የበዓል ቀን ነበር።

በበዓል ከተማችን ትበሰብሳለች። በክፋት አይደለም የምለው። ለአምላክ የተሰጠው አበባ ከቀትር በኋላ የፍሳሹን ቦይ ይደፍናል፤ የተበላበትን የሙዝ ቅጠል ላሞቹ ግማሹን በልተው ግማሹ ላይ ይተኛሉ፤ የመብራቱ ቅቤ ድንጋዩ ላይ ፈሶ ይከረፋል፤ ያንን የረገጠ እግር ደግሞ ወደ እኔ ይመለሳል። ሁሉም ግን «እንዴት ያለ ቅዱስ ሽታ ነው» ይላል። እኔም እላለሁ። ሥራዬ ነው።

እኩለ ቀን ላይ፣ እንደ ልማዱ፣ ከአምላክ ማዕድ የተረፈው ኮምጣጣ ሩዝ ለመላጫው አዳራሽ ሠራተኞች ታደለ። የሚያድለው ሳራናታን ነው። እኔም ድርሻዬን እዚያው እቀበላለሁ። ሠራተኛው ሁለት እጁን እንደ ጎድጓዳ ሳህን ገጥሞ ይዘረጋል፤ ሳራናታን በቅጠል የተጠቀለለውን ከላይ ይለቀዋል። እጅ ከእጅ እንዳይነካ ከክንድ በላይ ከፍታ ሊኖር ይገባል። ልምድ ስላለው አንድም አይስትም።

የኩይሊ ተራ ሲደርስ እጇን ዘረጋች። ቀና ብላም አየችው። እሱ ቅርጫቱን አየ። ጥቅሉን ሲለቀው እጇን ሰበሰበች።

ጥቅሉ ፀጉሩ ክምር ላይ ወድቆ ፈነዳ። ቢጫው ሩዝ የማናውቃቸው አሮጊቶች ሽበት ውስጥ ሰመጠ። አንድ ላጭ ምላጩን ይዞ ቆመ፤ ግማሽ ራሱ የተላጨ ተሳላሚም ዞሮ አየ።

«እጅህ ከፍ ይላል» አለችው ኩይሊ፤ ድምፅዋን ሳታነሳ። «ዝቅ አድርገው።»

ጆሮው ቀላ። ሌላ ጥቅል አነሳ። እጁ በእርግጥም አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ አለ፤ አየሁት። ከዚያ በሩ ላይ የቆመው የቤተ መቅደሱ ጸሐፊ ጉሮሮውን ጠረገ፤ እጁም ወደ ቦታው ተመለሰ።

«ቀጣይ» አለ ሳራናታን።

እኔ ሩዜን ይዤ ወጣሁ። ከቅጠሉ ውስጥ አንድ ረጅም ፀጉር አገኘሁ፤ ከዚያ በኋላ አልበላሁም። ያላስበላኝ ግን ፀጉሩ አልነበረም።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የሳራናታን እናት፣ እትዬ አላሜሉ፣ መጡ። በበዓል ቀን እትዬ አላሜሉ ሲያልፉ መንገዱ በራሱ ይከፈላል፤ ታጥበው፣ ማንም ያልነካውን ሳሪ ለብሰው፣ የሰው ጥላ እንኳ እንዳይወድቅባቸው ግድግዳ ግድግዳውን ነው የሚሄዱት። እጃቸው ላይ የወጥ ቤት ጉጠት ነበር። በጉጠቱ ጫፍ አንድ የታጠፈ ወረቀት ይዘዋል፤ ልክ የሞተ አይጥ እንደያዙ።

ወረቀቱን ጣውላዬ ላይ ጣሉት።

«አንብብልኝ» አሉ። «መነጽሬ ተሰብሯል።»

መነጽራቸው በአንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ሁለታችንም አየነው።

«እሺ፣ እትዬ።»

ጽሕፈቱን ገና ሳልከፍተው አወቅሁት። ኩይሊ ለባሏ የምትጽፈውን በባዶው ሩዝ ቅርጫት ውስጥ፣ ከቅጠሉ ሥር ታደርግለታለች፤ እሱ ቅርጫቱ ለእጥበት ቤት ከመድረሱ በፊት ያነሳዋል። ይህኛው ላይ የተጻፈው ቀን ከሦስት ቀን በፊት ነበር፤ አላነሳውም ማለት ነው። ከፍ አድርጌ አነበብኩ፦

«እናቴ ካሁን ወዲያ የምትወስደው ውሃ ብቻ ነው። ትናንት ‹ያ የወጥ ቤቱ ልጅ ባልሽ መሆኑን አውቃለሁ› አለችኝ። ማን ነገረሽ ብላት ‹እትብቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ሲደበቅ አውቀዋለሁ› አለች። አንድ ጊዜ ደጃችን ላይ ቆመህ ‹አማቴ› ብትላት ይበቃታል። አትግባ። ምንም አትንካ። ስትመለስ ገላህን ብትታጠብም አልቀየምህም። ብቻ ና። እኔ ቀኑን ሙሉ የማላውቀውን ሰው ቅማል ከፀጉር ስለይ እውላለሁ፤ አንድም ቀን ቀፍፎኝ አያውቅም። ያንተ ‹ነገ› ግን ያቅለሸልሸኝ ጀምሯል። እወድሃለሁ፤ ለዚህ ነው የሚያቅለሸልሸኝ።»

አጠፍኩት።

«የማን ነው?» አሉ እትዬ አላሜሉ።

«ስም የለበትም።»

«እንግዲህ በስሕተት ነው ቅርጫታችን ውስጥ የገባው።»

«በስሕተት ይሆናል።»

ለመሄድ ዞሩ። አልሄዱም። ጉጠቱን ይከፍቱታል፣ ይዘጉታል።

«ያቺ የታመመችው…»

«አቤት።»

«ምን ሆና ነው?»

«ሳንባዋ ነው ይላሉ።»

ፖኒ፣ የኩይሊ እናት፣ እንደ ሠፈሯ ሴቶች ሁሉ አዋላጅ ነበረች። በካህናቱ መንገድ ላይ ዛሬ የሰውን ጥላ የሚሸሽ ሁሉ፣ ወደዚህ ዓለም ሲመጣ መጀመሪያ የያዘው የሷ እጅ ነው። ይህን የማያውቅ የለም፤ የሚናገርም የለም።

«እጇ ሞቃት ነበር» አሉ እትዬ አላሜሉ፤ ለጉጠቱ የሚነግሩት ይመስል። «አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ጀርባዬን ይዛ አልለቀቀችኝም። ልጁ ሲወለድ የነካችውን ሁሉ አውጥተን ጣልን፤ ምንጣፉን፣ ሳሪውን፣ ውሃ የጠጣችበትን ቅል። ሁሉንም። ከልጁ በቀር።»

ከዚያ ትከሻቸውን አቀኑ።

«ወረቀቱን ጣለው። እኔ አላነበብኩትም።»

«አላነበቡትም፣ እትዬ።»

ግድግዳውን ይዘው ሄዱ። ከኋላቸው ሳያቸው፣ የሚሸሹት የሌላውን ሰው ጥላ ብቻ አልመሰለኝም።

ወረቀቱን አልጣልኩትም። ሳራናታን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለታንኳው ሊዘጋጅ ሲያልፍ ወደ መደርደሪያዎቹ ኋላ ጠራሁትና ሰጠሁት። ጫማዎቹ መካከል ቆሞ አነበበው። አዲስ ሽርጡ ላይ ላቡ ይንጠባጠባል፤ ግንባሩ ላይ የተቀባው የሰንደል ቅባት መሰንጠቅ ጀምሯል።

«ይህ አልደረሰኝም» አለኝ። «አባባ፣ እመኑኝ፤ አልደረሰኝም።» ሰው አልነበረም።

«አምኜሃለሁ። ለሷ ንገራት።»

ነገሩን ሳንጨርስ ኩይሊ መጣች። እኔ ነበርኩ ያስጠራኋት። ስለ ትሪውም የነገርኳት እኔ ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ሲታጭ ዝም ብዬ ጫማ ልቁጠር?

«አልደረሰኝም፣ ኩይሊ» አላት። «ልማልልሽ? እናቴ ቅርጫቱን ቀድማኝ…»

ፊቷ ሲፈታ አየሁ። ሦስት ቀን ሙሉ የተሸከመችው ቂም በአንድ ጊዜ የሚያርፍበት አጣ።

«እኔ እኮ አንብበህ የቀረህ መስሎኝ» አለች። «በልቤ ስንት ጊዜ ሰደብኩህ መሰለህ። አባትህን ጨምሬ።»

«አባቴን ትተሽ እኔን ስደቢ።»

ሳቀች። እሱም ሳቀ። ጣቷን አንስታ ግንባሩ ላይ የተሰነጠቀውን ቅባት አስተካከለችለት፤ ቀስ ብላ፣ የራሷ ቤት ግድግዳ እንደምትለስን ሴት። ሁለት ደቂቃ ያህል ጫማዬ ሁሉ የማይሸት ሆኖ ነበር።

«አሁን አነበብከው?» አለችው።

«አነበብኩት።»

«እንግዲያው እንሂድ። መቶ እርምጃ ነው። ከትናንት ጀምራ በሩን ነው የምታየው።»

ወደ ኩሬው አየ።

«ሳራናታን።»

«የአምላኩን ምስል ከሚሸከሙት አራቱ አንዱ እኔ ነኝ። አሁን እናንተ ሠፈር ሰው ቢያየኝ እኔ ብቻ አይደለሁም የምወድቀው፣ በዓሉ ይቆማል። ታንኳው ይዙር፤ ዞሮ ሲያበቃ…»

«ትሪውስ?»

«ትሪውን አልቀበልም።»

«አልቀበልም ብለህ ለማን ተናገርክ?»

«ለአንቺ።»

«እኔ ምን ላድርግበት?» አለች። «ትሪውን የምሰጥህ እኔ ነኝ እንዴ?»

ከጣቷ ወደ ቅንድቡ የተላለፈ አንድ አጭር ፀጉር ነበር፤ ከአዳራሹ የመጣ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ። ሳራናታን እያዳመጣት ሳለ እጁ በራሱ ሄዶ ጠረገው። ከዚያም ያንን እጁን ሽርጡ ላይ አበሰው። ሳያስበው ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ እጁ የሚያውቀው ይህንን ነውና።

ኩይሊ አየችው። እሱም እንዳየችው አየ።

«ንጹሕ ሆነሃል» አለችው። «ሂድ።»

ሄደች። እሱ እጁን ከፍቶ ሲመለከት ቆየ፤ እጁ የሌላ ሰው እጅ ይመስል፣ የሚጥልበት ግን አጣ።

ፖኒ አሥር ሰዓት ላይ ሞተች።

በከተማችን ሕግ አለ፤ ከቤተ መቅደሱ ግንብ ጋር በሚዋሰን መንገድ ሬሳ ካለ፣ ሬሳው እስኪወጣ አምላክ ከበሩ አይወጣም። የላጮቹ ሠፈር ከምዕራቡ ግንብ ጋር ይዋሰናል። ስለዚህ እኔ ለልቅሶ ስደርስ ጸሐፊው ቀድሞኝ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር፤ አፍንጫውን በፎጣው ጫፍ ይዞ።

«አልሞተችም እያልኩ አይደለም» ይላታል ኩይሊን። «እስከ ምሽት አልሰማንም ነው የምለው። ልቅሶውን እስከዚያ ያዙት። ለክብሯም ቢሆን ይህ ነው የሚሻለው።»

የሠፈሩ ሴቶች ሻሻቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው ነው የቆሙት። ኩይሊ የእናቷን እግር ትልቅ ጣቶች በጨርቅ ታስር ነበር። ቀና አላለችም።

«እሺ፣ ጌታዬ» አለች። «ታንኳው እስኪዞር ድረስ አልሞተችም።»

«ብልህ ልጅ ነሽ» አለ ጸሐፊው።

በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከተማው በሙሉ አለማወቁን አወቀ። አበባ ሻጮቹ አላወቁም። ከበሮ መቺዎቹ አላወቁም። ፖኒ ያዋለደቻቸው ካህናት አላወቁም፤ አለማወቃቸው ደግሞ ከፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር። በሕይወቴ ብዙ ጸያፍ ነገር ሸትቶኛል። እንደዚያ ቀን ዝምታ የከረፋ ግን አላስታውስም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሕዝቡ የኩሬውን አራት ማዕዘን ደረጃ ሞላው። ኩሬው የአምላክ ስለሆነ አይጸዳም፤ ውሃው ከሰነበተ ጎመን ይልቅ አረንጓዴ ነው፤ ላዩ ላይ ቅቤ፣ የበሰበሰ አበባና ሆዱ የተነፋ ዓሣ ይንሳፈፋል። በበርሜል ላይ የታሰረው ታንኳ በመብራትና በሙዝ ግንድ ተሸልሞ መጨረሻው ደረጃ ላይ ቆሟል። ፓታቢራማን ትሪያቸውን ይዘው ከሳራናታን አባት ከቫራዳን ጎን ነበሩ። እትዬ አላሜሉ ለብቻቸው ከላይ፣ ማንም በማይደርስበት ማዕዘን።

አራቱ ተሸካሚዎች አምላኩን ይዘው ወረዱ። ሳራናታን ከፊት በስተግራ ነበር። ሲያልፈኝ አየኝ። ፎጣዬን ከትከሻዬ አውርጄ ብብቴ ሥር አደረግሁት፤ ለቀስተኛ እንደሚያደርገው።

እርምጃው አልተዛነፈም። አምላኩን ከሌሎቹ ጋር ታንኳው ላይ በወጉ አስቀመጠ፤ አበባውን አስተካከለ፤ ሸክሙ የተደገፈበትን ጨርቅ ከትከሻው አንስቶ አጥፎ ደረጃው ላይ አኖረ። ሦስቱ ወደ ታንኳው ወጡ። እሱ አልወጣም። አዲሱን ሽርጡን እንደለበሰ ወደ ውሃው ወረደ፤ እስከ ጉልበቱ፣ እስከ ወገቡ፣ ከዚያም ራሱን ደፍቶ ጠለቀ።

እኛ ዘንድ በልብሱ ውሃ የሚገባ ሰው አንድ ነው፤ የቅርብ ዘመዱን ሞት የሰማ። የወላጅ፣ የወንድም፣ የእህት፣ የአማት፣ የአማች። ሌላ ምክንያት የለውም፤ እዚያ ውሃ ውስጥ ለመግባትማ በፍጹም የለውም።

ሲወጣ ፀጉሩ ላይ የበሰበሰ አበባ ተጣብቆ ነበር።

«ተንሸራተተ» አሉ ቫራዳን፣ ጮክ ብለው። «ደረጃው ያዳልጣል።»

«ያዳልጣል» አለ ጸሐፊው።

«በጣም ያዳልጣል» አሉ ካህናቱ።

ሳራናታን ሁለተኛ ጠለቀ። ሦስተኛ ጠለቀ። ከዚያ ወጥቶ፣ አረንጓዴው ውሃ ከአገጩ እየተንጠባጠበ፣ ፊቱንም ሳይጠርግ፣ በሕዝቡ መካከል ወደ ምዕራብ ሄደ። ውሃው የነካቸው ሁሉ ወደ ኋላ አሉ።

ፓታቢራማን የሌላ አገር ሰው ናቸው፤ ያለማወቃችን ድርሻ አልደረሳቸውም።

«ማን ሞቶበት ነው?» ብለው ጠየቁ።

ቫራዳን ደረጃውን ያያሉ። ከበሮ መቺው ዱላውን አንስቶ ሳይመታ ያዘው። ያን ጊዜ ከምዕራቡ ግንብ ኋላ አንዲት ሴት ድምፅዋን ለቀቀች፤ ወዲያው የሠፈሩ ሴቶች ሁሉ ተቀበሏት።

እትዬ አላሜሉ ከማዕዘናቸው ተነሡ። ግድግዳ አልያዙም። በሕዝቡ መካከል፣ ትከሻቸው ከዚህም ከዚያም እየተነካ፣ እስከ መጨረሻው ደረጃ ወረዱ፤ መነጽራቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ለባላቸው ሰጡ፤ ሳሪያቸውን ሳይሰበስቡ ወደ ውሃው ገቡና እንደ ልጃቸው ራሳቸውን ደፍተው ጠለቁ።